በፖሊ ክዳን ላይ የተጻፈው፦ የአቶ ኤልናታን ስፒር የሕይወት ታሪክ

ፖሊ በተባለችው መርከብ የጭነት ክዳን ላይ በኖራ የተጻፈውን ቃል አላነበብንም የምትሉ ከመካከላችሁ እነማን ናችሁ? እስቲ አስቡት። እስከዚያ የሟቹ ታሪክ ይነበባል።

አቶ ኤልናታን ስፒር ከበርሜል ሠሪው ከአቶ ኤቢኔዘር ስፒርና ከወይዘሮ ሃና ኤፕሪል 12 ቀን 1771 በሜይን ጠረፍ፣ በስፕሩስ ኮቭ ተወለዱ። በጋውን ድንጋይ ሲያጓጉዙ ስለሚውሉ ትምህርታቸው አራት ክረምት ብቻ ነበር። በአሥራ አራት ዓመታቸው በኖራ እቶን እንጨት ማጉረስ ጀመሩ። በ1798 ወይዘሮ መሂታብል ክሮኬትን አግብተው ሁለት ሴቶችና አንድ ወንድ ወለዱ። ወንዱ በሕፃንነቱ አርፏል።

በ1803 የእቶኖቹ ባለቤት አቶ ጆብ ሃስኬል የሠራተኞችና የጭነት አለቃ አደረጓቸው። በእጃቸው ሦስት እቶን፣ አርባ ሠራተኛና አምስት መርከብ ነበር። እያንዳንዱን በርሜል በጣታቸው ሳያንኳኩ አያስጭኑም። አንድ በርሜል ሠሪ ተናዶ፣ «የማን ልጅ እንደሆንክ ረሳኸው እንዴ?» ቢላቸው፣ «አባቴም ቢሠራው የላላ በርሜል አይጫንም» አሉት።

በኦክቶበር 1817 ፖሊ ኖራ ጭና ስትወጣ ማዕበል መታት፤ ውሃ ገባ፣ ኖራም ውሃ ሲነካው ስለሚግል ጭነቱ ተቀጣጠለ። በኖራ እሳት ላይ ውሃ እንደማይደፋ የዚህ መንደር ሕፃን ሁሉ ያውቃል። ስንጥቁ ሁሉ በኖራ ጭቃ ይመረጋል፣ አየር ያጣው እሳት ታፍኖ እስኪሞት ይጠበቃል። አቶ ኤልናታን መርከቧን በእጃቸው መርገው ከወደቡ ፊት ካለች ደሴት ጥግ አቆሟት። በየማለዳው በታንኳ እየሄዱ ሙቀቱን ሊያውቁ መዳፋቸውን ወለሏ ላይ ያሳርፉ ነበር።

ሠራተኞቹም፣ «አለቃ፣ ሁለተኛዋ ሚስትዎ እንዴት አደሩ? ትኩሳቱ አልለቀቃቸውም?» እያሉ ይቀልዱባቸው ነበር።

«አልለቀቃቸውም። እኔ ሳልፈቅድ የሚነካቸው ወዮለት!»

በሠላሳ ስምንተኛው ቀን አቶ ሃስኬል የኖራ ገዢ እንዲያነጋግሩ ወደ ቦስተን ላኳቸው። ከመሄዳቸው በፊት ሠራተኛው ሁሉ እያየ ክዳኑ ላይ በኖራ ጻፉ፦ «ኤልናታን ሳይመለስ አይከፈት።»

በሁለተኛው ቀን ተከፈተ። አየር ያገኘው እሳት ዘሎ ወጣ። የሃያ ሁለት ዓመቱ ሠራተኛ ሩፈስ ቶልማን ሞተ። መርከቧም ከነጽሑፏ ነደደች።

በመንደሩ ጉባኤ አቶ ሃስኬል ተነሥተው፣ «ክፈቱ ብሎ ትእዛዝ ትቶ የሄደው ኤልናታን ነው» አሉ። ጽሑፉን ያነበቡት ሠራተኞች ባርኔጣቸውን ሲያገላብጡ ዋሉ። ይህ ዝምታ ትሕትና አልነበረም፤ ፍርሃት ነበር። የፈራውም የሚያውቀው ሰው ነው።

አቶ ኤልናታን ከቦስተን ተመልሰው ሰሙ። ወይዘሮ መሂታብል፣ «ምነው፣ አፍ የለህም?» ብለው ቢጮሁባቸው፣ «ሃስኬል ተከስሶ እቶኑ ከጠፋ የአርባ ቤት ጭስ ይጠፋል። እኔን ይጥሉኝ» አሉ። የመንደሩ ሰውም ጣላቸው። የሩፈስ እናት ወይዘሮ ቶልማን እሳቸውን ሲያዩ መንገድ ይቀይሩ ነበር፤ በቤተ ክርስቲያንም መቀመጫቸውን ወደ በሩ አዛወሩ። ይህ ስድስት ዓመት ቆየ። አቶ ኤልናታን ግን በየማለዳው ወደ ሥራቸው ይሄዱ ነበር፤ በርሜልም ያንኳኩ ነበር።

ባለፈው ክረምት የኖራ ብናኝ የበላው ሳንባቸው ደም መትፋት ጀመረ። በመጨረሻ የተናገሩት ለባለቤታቸው ነው፦ «ለሩፈስ እናት ንገሪልኝ። ክፈቱ አላልኩም።» ማርች 3 ቀን 1824፣ ረቡዕ ጠዋት፣ በሃምሳ ሁለት ዓመታቸው አረፉ። ከቤተሰቡ ያለቀሰ የለም። እጃችን ሥራ ይሠራል፣ ባቄላው ይቀቀላል፣ ሰው ይገባል ይወጣል፤ እንባው የት እንደቀረ አናውቅም። ባለቤታቸውን፣ ሁለት ሴቶች ልጆቻቸውንና ይህን የጻፈውን ታናሽ ወንድማቸውን ትተዋል። ሰው የነፈጋቸውን ፍርድ የማያዳላው ዳኛ ይስጣቸው፤ ነፍሳቸውንም ጭስ በሌለበት ያሳርፍ።

አቶ ጆብ ሃስኬል፣ ከፊተኛው ወንበር ተቀምጠዋል። ወይዘሮ ቶልማን ከኋላዎ፣ በሩ አጠገብ ናቸው። ሣጥኑ ገና አልተቸነከረም። ይነሡ፣ ወደ ወይዘሮ ቶልማን ይዙሩ፣ በዚህ ሁሉ ሰው ፊት ይመልሱ፦ ክዳኑን ክፈቱ ያለው ማን ነው?