ለቆሻሻ መኪናዋ ድረ ገጽ ስለተደገሰው ሃካቶን

ለተከበሩ አቶ ጁዋንግ ሚንግ-ዴ
የወረዳችን ጽሕፈት ቤት የመረጃ ክፍል ኃላፊ
ታይናን

ክቡር ሆይ፣ ከሁሉ አስቀድሜ ከነቤተሰብዎ ሙሉ ጤና እመኝልዎታለሁ፤ የእኔም ጤና ሰባት ገጹን የሃካቶን ዕቅድዎን አንብቤ እስክጨርስ ድረስ ደህና ነበር።

ምናልባት ካላስታወሱኝ፣ ኬ ሹ-ፒንግ እባላለሁ፤ ከገበያው ጀርባ ስኩተር እጠግናለሁ፣ ሥራ ሲቀዘቅዝ ደግሞ ኮድ እጽፋለሁ። የቆሻሻ መኪናዋ የት እንደደረሰች የሚናገረውን ድረ ገጽ ከዘጠኝ ዓመት በፊት ከሦስት ጓደኞቼ ጋር ሠርቼ፣ ኮዱን ማንም እንዲወስደውና እንዲያሻሽለው በይፋ ያስቀመጥኩት እኔ ነኝ። መልኩ እንደማያምር አልክድም፤ ነጭ ገጽ ላይ «መኪናዋ እርስዎ ጋ ለመድረስ ሦስት ፌርማታ ቀርቷታል» የሚል ጥቁር ጽሑፍ ነው፣ አለቀ። ጽሕፈት ቤትዎ ወስዶ ሲጠቀምበት ደስ ብሎን ነበር፤ አሁን ደግሞ ሃካቶን በሚሉት የአንድ ቀን የኮድ ዘመቻ ስልሳ ፕሮግራመሮችን ሰብስበው ሊያዘምኑት መነሳትዎን ስሰማ ደስታዬ ወሰን አጣ። ዕቅዱን ሳነብ ግን ወሰኑን አገኘሁት፤ ስለዚህ ጥቂት ነጥቦችን በታላቅ አክብሮት አቀርባለሁ።

አንደኛ፣ ስለ ቀኑ። የዘመን መቁጠሪያው «ቤት ለመመረቅ፣ ፀጉር ለመቆረጥ መልካም» ያለውን ቅዳሜ አስጠንቁለው መምረጥዎ የሚደነቅ ነው። ሆኖም ያ ቅዳሜ፣ በበዓሉ ሰሞን ለተሰጠን የዓርብ ዕረፍት ማካካሻ እንዲሆን አገሩ በሙሉ ሥራ የሚገባበት ቅዳሜ ነው። ፕሮግራመሮቹ ሁሉ በየመሥሪያ ቤታቸው ስለሚውሉ አዳራሹ አይጨናነቅም፤ ለዚህ አርቆ አሳቢነትዎ እናመሰግናለን።

ሁለተኛ፣ ስለ መርሐ ግብሩ። ከስምንቱ ሰዓት ላይ አምስት ንግግር፣ ሁለት የቡድን ፎቶ (አንዱ በፈገግታ፣ አንዱ አውራ ጣት በማንሳት)፣ የምሳ ሣጥን እደላና የዕጣ ማውጣት ሥነ ሥርዓት ሲቀነሱ ለኮድ መጻፊያ ሃምሳ ደቂቃ መትረፉን በጣቴ ቆጥሬ አረጋግጫለሁ። እሷም ብትሆን ለአቀባበል ኮሚቴው ሻይ እንዳትውል ሰግቻለሁ።

ሦስተኛ፣ ኮምፒውተር እንዳያምፅ ለገድ ብለን አናቱ ላይ የምናስቀምጠው የታሸገ የበቆሎ መክሰስ አረንጓዴው ከረጢት መሆኑን የወረዳችን ሕፃን ሁሉ ያውቃል። እርስዎ ያስገዙት ቢጫውን ነው። ኮምፒውተሮቹ በዕለቱ ቢያምፁ እኔ የለሁበትም።

አራተኛው ነጥብ ቀልዴን ትንሽ ገታ ያደርግብኛል። ከሱቄ በላይ አራተኛ ፎቅ ላይ ጋሼ ሹዌ ጂን-ቱ የሚባሉ ዓይነ ስውር ወጌሻ አሉ፤ መኖሪያቸውም ሥራ ቦታቸውም እዚያው ነው። አሳንሰር የለንም። ቆሻሻችንን ራሳችን ወርደን የምናስረክባት መኪና ዘፈኗን እያሰማች ትመጣለች፣ ከሁለት ደቂቃ በላይ አትቆምም፣ ቆሻሻ ደጅ አስቀምጦ መሄድ ደግሞ ያስቀጣል፤ ስለዚህ ጋሼ ሹዌ ዘፈኑን ሰምተው ቢነሱ አይደርሱባትም። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ስልካቸው ያንን አስቀያሚ ጽሑፍ ጮክ ብሎ ሲያነብላቸው፣ ሦስት ፌርማታ ሲቀራት ተነስተው ግድግዳውን እየዳበሱ ይወርዱና ከሁላችን ቀድመው ይቆሙ ነበር። ካለፈው ወር ጀምሮ ጽሕፈት ቤትዎ ለሙከራ ብሎ በቦታው የተካው አዲሱ ገጽ ግን ካርታ ላይ ከሚደንሱ ትንንሽ መኪኖች በስተቀር አንድ ቃል የለበትም። ጋሼ ሹዌ ደውለው «ሹ-ፒንግ፣ ይቺ መኪና ሠዓሊ ሆነች እንዴ? ስልኬ ‹ሥዕል፣ ሥዕል፣ ሥዕል› ይለኛል እኮ!» አሉኝና አብረን ሳቅን።

አሁን አንስቅም። በዚህ ሙቀት የዓሣ ራስ የሞላበት ከረጢት ሰው በሚያሹበት ክፍል ውስጥ ለቀናት ይከርማል፤ እኔ ሱቅ ካለሁ አወርድላቸዋለሁ፣ ከሌለሁ የለም። ደንበኞቻቸው አፍንጫቸውን ይዘው ይወጡና በዚያው ይቀራሉ፤ በዚህ ወር ብቻ ግማሾቹ ሄደዋል። በጣም ተናድጃለሁ፣ ክቡር ሆይ፤ በጨዋ ቋንቋ ስለምጽፍ አይታይም እንጂ።

እንግዲያው ጋሼ ሹዌ ሃካቶኑ ላይ ተገኝተው ችግራቸውን ራሳቸው ያስረዱ ብለን ለመመዝገብ ሞከርን። ቅጽዎ፣ ሰው መሆናቸውን እንዲያረጋግጡ «የትራፊክ መብራት ያለባቸውን ሥዕሎች ይምረጡ» አላቸው። ስልሳ ሰባት ዓመት ሰው ሆነው ኖረው እርስዎ ዘንድ ሲደርሱ ማስረጃ አጡ። እኔ ልሙላላቸው ብዬ ጽሕፈት ቤትዎ ብደውል፣ አንዲት ትሑት ሠራተኛ «እትዬ፣ ባለቤቱ ራሱ ነው መሙላት ያለበት፤ እኛ ምን እናድርግ? ሲስተሙ ነው እኮ እምቢ ያለው» ብላ አጽናናችኝ። ለመስተንግዶዋ ምስጋናዬን ያድርሱልኝ።

ልመናዬ አጭር ነው። አዲሱ ገጽ ጮክ ብሎ መነበብ እስኪችል ድረስ አሮጌውን ይመልሱልን። በሃካቶኑም ዕለት ከአምስቱ ንግግሮች አንዱን ይሰርዙና የመጣው ሰው ሁሉ ዓይኑን ጨፍኖ መኪናዋን ይፈልጋት፤ ጋሼ ሹዌ ፊት ለፊት ተቀምጠው ማርክ ይስጡ። ይህ ካልተመቸዎት አይጨነቁ። ኮዱ ክፍት ስለሆነ የማንም ፈቃድ አያስፈልገንም፤ በማግስቱ እሁድ እኛው ጋሼ ሹዌ ቤት ተሰብስበን እንሠራዋለን። እስካሁን አሥራ ሁለት ሰው እመጣለሁ ብሏል። ለመመዝገብ ደረጃውን መውጣት ይበቃል።

ድምፅ ማጉያው በንግግርዎ መሐል እንዳይቋረጥ፣ ፎቶዎ እንዳይደበዝዝ፣ አንደኛው ዕጣም ለእርስዎ እንዲወጣ ከልብ እየተመኘሁ፣ ወገቤን አጥፌ እጅ የምነሳዎ፣

ታዛዥዎና ገና ያልዘመነችው
ኬ ሹ-ፒንግ፣ ስኩተር ጠጋኝ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ጋሼ ሹዌ አንድ ነገር እንዳስታውስዎ ለምነውኛል። ሐሙስ አመሻሽ ላይ አንገትዎን የሚያሹልዎ ቀጠሮ እንደ ወትሮው ነው፤ የስድስት ዓመት ደንበኛቸው ስለሆኑ አልሰርዝባቸውም ብለዋል። ሲወጡ ብቻ በሩ ሥር ያለውን ከረጢት ይዘውላቸው ይውረዱ። መኪናዋ የት እንደደረሰች አዲሱ ገጽ ያሳይዎታል፤ እርስዎ ያያሉ።