ወይዘሮ ፀጋ ሻንካ እና የቆላ ዝንብ ወተት

ወይዘሮ ፀጋ ሻንካ ከአባታቸው ከአቶ ሻንካ ዶላና ከእናታቸው ከወይዘሮ ሳቢት ቶጋ ሐምሌ 12 ቀን 1951 ዓ.ም. ሽሮ ሜዳ ተወለዱ። በሰማንያ ቀናቸው በቁስቋም ማርያም ክርስትና ተነሡ። አባታቸው በጋሞ ቆላ በሬዎቻቸውን የገንዲ በሽታ ቢፈጅባቸው አዲስ አበባ መጥተው በሽመና የኖሩ ሰው ነበሩ።

ወይዘሮ ፀጋ በላቦራቶሪ ሙያ ሠልጥነው በ1973 ዓ.ም. በአንድ የእንስሳት ጤና ምርምር ጣቢያ ተቀጠሩ። በ1977 ዓ.ም. ከአቶ ኡርጌሳ ጀቤሳ ጋር ትዳር መሥርተው ርሆቦትንና ኢሳይያስን ወልደዋል።

በ1999 ዓ.ም. ገንዲን የምታስተላልፈውን የቆላ ዝንብ የመራቢያ ዕጢ እንዲያጠኑ ተመደቡ። ይህች ዝንብ እንደ ሌሎቹ እንቁላል አትጥልም፤ አንድ ልጅ በማህፀኗ ይዛ፣ ከዚያው አጠገብ ካለ ዕጢ በሚመነጭ ወተት ታሳድጋለች። ወይዘሮ ፀጋ ይህን በመጽሐፍ አንብበው ነበር፤ በዓይኔ ካላየሁ ግን አላርፍም አሉ። እንደ ክር የቀጠነውን ዕጢ በቀለጠ ሰም ውስጥ አጠንክረው፣ በስሱ ቆርጠው፣ ቀለም እየቀቡ አምስት ወር ቢደክሙም የታያቸው የተጨማደደ ሕዋስ ብቻ ነበር። አለቃቸው «ወይዘሮ ፀጋ፣ ይቅርብዎ» አሏቸው። እርሳቸው ግን የናሙና መዝገቡን ሲያገላብጡ የተቆረጡት ዝንቦች በሙሉ ገና የወለዱ፣ ወተቱም የሚመነጨው በእርግዝና ብቻ ስለሆነ የነጠፈባቸው መሆናቸውን ደረሱበት። ወዲያው እርጉዞቹን ለይተው ቆረጡ። ሕዋሳቱ ወተት ቋጥረው፣ አብጠው፣ ወደ ቀጭኗ ቧንቧ ሲያፈሱ ቁልጭ ብለው ታዩ! ወይዘሮ ፀጋ ነጭ ጋዋናቸውን እንደለበሱ ኮሪደሩን በእልልታ አናወጡት፤ አለቃቸውም ከስብሰባ ሮጠው ወጡ።

በማግስቱ አዛውንቱን አባታቸውን በታክሲ አምጥተው ማይክሮስኮፑን አሳዩአቸው። አቶ ሻንካ ብዙ ካዩ በኋላ «በሬዎቼን የጨረሰችው እሷም እናት ናት ለካ» አሉ። ልጃቸውም «አዎ አባባ፤ ወተቷን የምናነጥፍበት መላ ካገኘን ግን ዘር አይተርፋትም» ሲሉ መለሱ። ጡረታ እስከወጡበት እስከ 2011 ዓ.ም. ድረስ ይህንኑ መላ ሲፈልጉ፣ ከአርባ በላይ ባለሙያዎችንም ሲያሠለጥኑ ኖረዋል።

በ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ የደም ካንሰር ታመው ሆስፒታል ሲገቡ «ደሜ የተቀባበትን ስላይድ እኔም ልየው» ብለው ጠየቁ። የላቦራቶሪዋ ልጅ ፈርታ አሳየቻቸው። ደማቸውን በማይክሮስኮፑ ተመለከቱና «ቀለሙን አሳምረሽ ቀብተሻል፤ እጅሽ ይባረክ» አሏት።

ወይዘሮ ፀጋ የካቲት 9 ቀን 2017 ዓ.ም. በተወለዱ በ65 ዓመታቸው ዐረፉ። ባለቤታቸው፣ ሁለት ልጆቻቸውና ሦስት የልጅ ልጆቻቸው አሉ። ጥቃቅን ፍጥረቱን እያዩ ሲደነቁ የኖሩትን የእኚህን እናት ነፍስ እግዚአብሔር በብርሃኑ ያኑርልን። አሜን።