ዘይት ጠጥታ ስለማትጠግበው መኪናዬና ስለታሸገው ሞተሯ

ለሸማቾች ጥበቃ ቢሮ ኃላፊ
ባሉበት

ቀን፦ ጥር 19

ጉዳዩ፦ ዘይት የምትጠጣ አዲስ መኪና ሸጦልኝ፣ ሞተሯ ሲቃጠል "ጥፋቱ የእርስዎ ነው" ባለኝ አስመጪ ድርጅት ላይ አቤት ስለማለት

ክቡር ሆይ፣

እኔ አመልካች ለሃያ ሁለት ዓመት በመድኃኒት ቤት የሠራሁ የመድኃኒት ባለሙያ ነኝ። ሥራዬ ጠብታ መቁጠር ነው። ስለዚህ ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው መጠኖች በግምት ሳይሆን ሽሮፕ በምለካበት ብርጭቆ የተለኩ መሆናቸውን በቅድሚያ በአክብሮት አስታውቃለሁ። (ብርጭቆውን ከዚያ ወዲህ ለሽሮፕ አልተጠቀምኩበትም፤ በእኔም ላይ አቤቱታ እንዳይመጣ።)

1. መኪናዋን የገዛሁት ለሽርሽር አይደለም። እትዬ የምላት ታላቅ እህቴ፣ ልብስ እየሰፋች ያሳደገችኝ፣ ኩላሊቶቿ ሥራ ካቆሙ ሦስት ዓመት ሆኗቸዋል። በሳምንት ሦስት ጠዋት ከከተማው ወዲያኛው ጫፍ ወዳለው ሆስፒታል ለእጥበት ትሄዳለች። አንድ ቀን ከአውቶቡስ ደረጃ ላይ ወድቃ ክንዷ፣ ያ መርፌ የሚገባበት ክንዷ፣ ደማ። ያን ቀን "በቃ" አልኩ። ከድርጅቱ አዲስ ነጭ መኪና ወሰድኩ። እትዬ የመቀመጫው ላስቲክ እንዲነሣ አልፈቀደችም፤ "ይቆይ፣ ይቆሽሻል" ብላ።

2. በአራተኛው ወር የዘይት መብራት በራ። የድርጅቱ የሰርቪስ ኃላፊ፣ ሸሚዛቸው ላይ አንዲት የዘይት ጠብታ አይቼ የማላውቅ ትሑት ሰው፣ "አዲስ ስለሆነች ነው፤ ትላመዳለች" አሉኝ። ተላመደች፤ ዘይቱን። በስድስተኛው ወር "አነዳድዎ ነው" አሉ። እኔ በሰዓት አርባ የምነዳ፣ ከኋላዬ ያለው ሁሉ ጥሩምባ የሚነፋብኝ ሰው ነኝ። በስምንተኛው ወር "ሙቀቱ ነው" አሉ፤ ይህን ሲሉ ካፖርት ለብሰው ነበር። በመጨረሻ "ዘይት መጠጣት የሞተሩ ባሕርይ ነው፤ መመሪያው ይፈቅዳል" ሲሉኝ መመሪያውን እንዲያሳዩኝ ለመንኳቸው። አመጡት። በዚያ ጋራዥ ውስጥ ማንም በማያነበው ቋንቋ የተጻፈ ነበር። ኃላፊው አንድ ገጽ ገለጡና በጣታቸው ነክተው "ይኸው" አሉኝ። ገጹ ላይ ያለው ሥዕል የዝናብ መጥረጊያ ነበር።

3. ለንጽጽር ያህል፣ እትዬ በቀን ከሦስት ብርጭቆ በላይ ፈሳሽ እንዳትጠጣ ሐኪሟ ከልክለዋታል። ሲጠማት በረዶ ትመጥጣለች። መኪናዬ ግን በየሦስት መቶ ኪሎ ሜትሩ አንድ ሊትር ዘይት ትጨርስ ነበር። ኮፈኑን ከፍቼ ሳጠጣት እትዬ አንገቷን በመስኮት አውጥታ፣ "ለእሷስ ማን ፈቀደላት?" ትለኛለች። ስቀን እናልፈው ነበር።

4. በአሥራ አንደኛው ወር ድርጅቱ "የፍጆታ ፈተና" አዘዘልኝ። ዘይቱን እስከ አፉ ሞሉ፤ የመጨመሪያውን ክዳን በሽቦና በማኅተም አሸጉ፤ "ሺህ ኪሎ ሜትር ነድተው ይመለሱ፤ ማኅተሙ ከተነካ ዋስትናዎ ይሰረዛል" ብለው አስፈረሙኝ። በስድስት መቶ ዘጠናኛው ኪሎ ሜትር መብራቱ በራ። ለኃላፊው ጻፍኩላቸው። መልሳቸው በስልኬ አለ፤ አትሜ አያይዤዋለሁ፦ "ማኅተሙን እንዳይነኩ። መንዳትዎን ይቀጥሉ።"

እዚህ ላይ የራሴን ጥፋት አልደብቅም። ባለሙያ የጻፈውን ማዘዣ ስፈጽም ኖሬአለሁ፤ መጠኑ ያስፈራኝ እንደሆነ ለሐኪሙ ደውዬ እጠይቃለሁ። እሳቸውንም ጠየቅኩ፤ መለሱልኝ፤ አመንኩ። ሞተሩ ግን ያንኳኳ ነበር፤ እየሰማሁት ነበር። ሬዲዮ ከፈትኩበት።

5. ከሦስት ቀን በኋላ፣ ማክሰኞ ጠዋት፣ የመኪና መተላለፊያው ድልድይ አናት ላይ ሞተሩ ጮኸና ነክሶ ቀጥ አለ። ከኋላችን ሰማያዊ ጢስ፣ ከጢሱ ኋላ ደግሞ ስድብ። እትዬ ከቅዳሜ ወዲህ አልታጠበችም፤ እግሯ አብጧል፤ ትንፋሿ ቁርጥ ቁርጥ ይላል። ድልድይ ላይ ታክሲ አይቆምም። ከአርባ ደቂቃ በኋላ አንድ ፍራሽ የጫነ መኪና ቆመልን። ሹፌሩ እትዬን ተሸክሞ ፍራሽ ላይ አስተኛትና ወሰደን። እሷ እቴ፣ እኔ ሳለቅስ እጄን ይዛ፣ "አይዞሽ፤ ከመኪናሽ ይሄ ይመቻል" አለችኝ።

ስንደርስ ተራዋ ለሌላ ታማሚ ተሰጥቶ ነበር። ከሰዓት በኋላ ድረስ ስትጠብቅ ሳንባዋ ውኃ ያዘ። ስድስት ቀን በኦክስጅን ተኛች። ተረፈች። ይህችን አንዲት ቃል ለመጻፍ ሦስት ወረቀት ቀድጃለሁ።

6. የድርጅቱ ደብዳቤ እትዬ ከሆስፒታል በወጣች ማግስት ደረሰኝ። "ሞተሩ የተቃጠለው ያለ በቂ ዘይት በመነዳቱ ስለሆነ ጥፋቱ የባለቤቷ ነው" ይላል። ዘይት እንዳልጨምር ያሸጉት እነሱ፤ ዘይት ባለመጨመሬ ጥፋተኛዋ እኔ። ይህን የጻፈው ሰው መድኃኒት ቤት ባለመቀጠሩ የከተማው ሕዝብ እንኳን ደስ ያለው።

7. ደብዳቤውን ይዤ ድርጅቱ እንግዳ መቀበያ ስሄድ ወንበሮቹ ሞልተው አገኘሁ። አንድ የቧንቧ ሠራተኛ፣ አንዲት የትምህርት ቤት ርእሰ መምህር፣ አንድ የሠርግ ፎቶ አንሺ፣ ሌሎችም፤ ከእኔ ጋር ዘጠኝ። መኪናችን አንድ ዓይነት፣ ጢሳችን አንድ ዓይነት። ለእያንዳንዳችን "እንዲህ ያለ ቅሬታ ያቀረቡ የመጀመሪያው ሰው እርስዎ ነዎት" ተብሎልናል። ዘጠኝ የመጀመሪያዎች ተቃቅፈን ልንስቅ ምንም አልቀረንም።

ከዘጠኙ የሦስታችንን ሞተር የሰፈራችን መካኒክ ፈታው፤ ሞተርን በድምፁ ስለሚመረምር ሰው ሁሉ "ጆሮው" ይለዋል። ፒስተኑን ከብቦ ዘይት ወደ ላይ እንዳያልፍ የሚያግደው ቀለበት፣ እነሱ ፋሻ የሚሉት፣ በሦስቱም ላይ ተጣብቋል፤ ዘይቱ ወደ ታች የሚመለስባቸው ቀዳዳዎች ከመጥበባቸው የተነሣ በጥላሸት ተደፍነዋል። "እህቴ፣ ይሄ አብሯት የተወለደ በሽታ ነው። አንቺ አላስያዝሻትም" አለኝ። የመፍቻ ሳጥኑ ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። እሱም ሥራ የያዘ መስሎ ፊቱን አዞረልኝ።

8. ጆሮው መፍታቱ እንደተሰማ የሰርቪስ ኃላፊው ቤቴ ድረስ መጡ። "ለእርስዎ ብቻ" አዲስ ሞተር ሊሰጡኝ፤ በምላሹ ስለ ጉዳዩ ለማንም ላልናገር እንድፈርም። አልዋሽም፣ እስክሪብቶ አንሥቼ ነበር። እትዬ ወረቀቱን ተቀበለችኝ፤ መነጽሯን አድርጋ እስከ መጨረሻው አነበበች፤ ከዚያ ለእሳቸው ሳይሆን ለእኔ፣ "ለስምንቱም ፍራሽ የጫነ ይደርስላቸዋል?" አለችኝ።

አልፈረምኩም። ያልተፈረመው ወረቀት ተያይዟል። አሁን በአውቶቡስ ነው የምንሄደው፤ ደረጃው ላይ እኔ ከኋላ እደግፋታለሁ።

ስለሆነም ቢሮዎ፣

ሀ. ሞተሮቹ ከድርጅቱ ደመወዝ በማይበላ ባለሙያ እንዲመረመሩ እንዲያዝልን፤

ለ. ጉድለቱ ሲረጋገጥ የዘጠኛችንም ሞተር እንዲተካ፣ ያንን ዓይነት መኪና የገዛ ሁሉም ድልድይ ላይ ሳይደርስ እንዲነገረው፤

ሐ. "የፍጆታ ፈተና" የሚባለው ነገር እንዲቆም፤ የግድ ነው ከተባለ ግን ፈታኙ ራሱ ተሳፋሪ እንዲሆን በታላቅ ትሕትና እጠይቃለሁ።

ክቡር ሆይ፣ ላበቃ ስል አንድ ነገር ልጨምር። ትናንት የአቀራረቡን ሥርዓት ለመጠየቅ ወደ ቢሮዎ መጥቼ ነበር። ግቢው ውስጥ በሯ ላይ የቢሮዎ አርማ የተለጠፈባት፣ እንደ እኔዋ ያለች ነጭ መኪና ቆማለች። ሹፌሩ ኮፈኗን ከፍቶ ከጀሪካን ዘይት እየጨመረ ነው። "በወር ስንቴ ነው?" አልኩት። "መቁጠር ትቻለሁ" አለኝ። "ታዲያ ለምን አታመለክቱም?" ስለው ጀሪካኑን መሬት አስቀምጦ ግራ ቀኝ አየና፣ "እህቴ፣ አቤት የሚባለው እኛ ዘንድ ነው። እኛስ ለማን አቤት እንበል?" አለኝ።

ጠይቄ እነግርሃለሁ ብዬዋለሁ። ሰውየው መልስ እየጠበቀ ነው።

ገና ካላለቀው ትዕግሥቴና ከአክብሮት ሰላምታዬ ጋር፣

(ፊርማ)
አመልካች የመድኃኒት ባለሙያዋ