ስክሪኑ ወደ ፊት የሚዞረው ካሜራ

ግንቦት 5

ሥራ። የማላውቃቸው ሰዎች የሚሳሳሙበትን የሠርግ ቪዲዮ ስቆርጥና ስቀጥል ዋልኩ። ሙሽራው ኬክ ሲያጎርሳት ክሬሙ አፍንጫዋ ላይ ቀርቶ ነበር። ቤተሰቦቿ "ይሄ ይውጣ" ብለዋል። አወጣሁት። ከዚያ ሁሉ ቪዲዮ ውስጥ ያሳቀኝ እሱ ብቻ ነበር...

ከምሳ በኋላ ከእትዬ መልእክት መጣ። "አከራዩ የእማዬን ቤት ሰኔ ሠላሳ ይረከባሉ። የምትወስደው ዕቃ ካለ ቶሎ ውሰድ።" ሰላምታ የለ፣ ምን የለ። እህቴ ከእማዬ ቀብር ወዲህ የምታናግረኝ እንዲህ ነው፤ በጽሑፍ፣ ያውም እንደ ማስታወቂያ። የእማዬን ክፍል ለጊዜው እንዳለ እንተወው ስላት "ሙዚየም መሰለህ?" አለችኝ። እኔም የማይሆን ነገር ተናገርኩ። ይኸው ዓመት ሊሞላን ነው እንደተኳረፍን።

"እሺ" ብዬ መለስኩ። ሌላ ምን ይባላል?

ግንቦት 6

ስንት ዘመን ነው "ፊልም እሠራለሁ" ስል የኖርኩት? የሰው ሠርግ ስሰፋ አርባ ዓመት አለፈኝ።

ያለችኝ ሐሳብ አንዲት ናት። ሰውየው እናቱ ቤት ይመጣል። በሩ ላይ ቆሞ "እማዬ!" ብሎ ይጣራል። መልስ የለም። ይገባል፣ ትንሽ ይቀመጣል፣ ተነሥቶ ይሄዳል። በቃ።

ሰውየው እኔው ነኝ፣ ምን አደባበቀኝ። እሑድ እሑድ ስሄድ ገና ከበሩ እጣራ ነበር። ከውስጥ "ወዬ!" ትለኛለች። መጨረሻ ላይ ድምጿ ሟሽሾ፣ አልጋዋ ጠርዝ ላይ ተቀምጬ እንኳ ጆሮዬን ወደ አፏ አስጠግቼ ነበር የምሰማት። ለጥሪዬ ግን ከየት እንደምታመጣው እንጃ፣ ድምፅ አታጣም። ለእትዬ እንዲህ አልነበረችም፤ አብራት እየኖረች፣ እያጠበቻት፣ እያጎረሰቻት። እኔ ግን የእሑድ እንግዳው... ለማንም ባልናገርም በዚህ እኮራለሁ።

ሌላ ቤት ውስጥ ብቀርጸው ውሸት ይሆናል። ስለዚህ ያለኝ ጊዜ እስከ ሰኔ ሠላሳ ነው። ካሜራ የለኝም።

ግንቦት 11

እሑድ። ያገለገለ ካሜራ የሚሸጥበት ሱቅ ሄድኩ። ፎርኬ "ብቻህን ከሄድክ ያታልሉሃል" ብሎ ተከተለኝ። ፎርኬ አጠገቤ የሚሠራው ባልደረባዬ ነው። "ከፎር ኬ ጥራት በታች የተቀረጸ ነገር ፊልም አይባልም" ሲል ስለሚውል ስሙ ይሄው ሆኖ ቀረ። ስለ ካሜራ የማያውቀው የለም። አንድም ነገር ቀርጾ አያውቅም።

አንዱ ካሜራ ግዙፍ ነው፤ ጨለማ ውስጥ እንኳ ጥርት አድርጎ ያነሣል። ፎርኬ አቅፎት ቀረ። "ይሄን ካልገዛህ ተወው፣ አትቅረጽ!" ስክሪኑ ግን ጀርባው ላይ የተለጠፈ ነው፣ አይነቃነቅም። ሌላው ትንሽ፣ ጥጉ የተላላጠ፣ ብርሃን ሲቀንስ ምስሉ አሸዋ አሸዋ የሚል፣ ባትሪው ቶሎ የሚደክም። ግን ስክሪኑ ወጥቶ ወደ ፊት ይዞራል። ፊት ለፊት የቆመው ሰው ራሱን ያያል።

ነጋዴው ጠየቀኝ።

"ቀራጩ ማነው?"

"እኔ።"

"ተዋናዩስ?"

"እኔ።"

"ተመልካቹስ?"

ከት ብሎ ሳቀ። ፎርኬም ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። ደረጃውን ስንወርድ ግን ሳቁ አልቆ ጥያቄው ብቻ ቀረኝ።

ትንሿን ገዛሁ። "የከፈልከው ለምስል ሳይሆን ለማጠፊያ ነው" አለኝ ፎርኬ። አልተሳሳተም። ከጀርባው የሚቆም ሰው ቢኖረኝ ትልቁን እመርጥ ነበር። አሮጌ ባለ ሦስት እግር ማቆሚያ፣ ትሪፖድ፣ መረቀልኝ ነጋዴው፤ አንድ እግሩ ስለሚያጥር መጽሐፍ ይደረግለታል።

ግንቦት 18

የመጀመሪያ ቀረጻ!

ክፍሉ እንዳለ ነው። አልጋው፣ ወንበሩ፣ ኮት መስቀያው፣ ግራጫ ካፖርቷ። ሽታዋ ግን የለም። ቀስ ብሎ ሄዷል፣ ማንም ሳያየው።

ዘዴ ፈጠርኩ። ፊቱ ቆሜ ራሴን ፎከስ ማድረግ፣ ማለትም ምስሌን ማጥራት ስለማልችል መስቀያውን ከነካፖርቱ እኔ የምቆምበት ቦታ አቆመዋለሁ። ፎከሱን በካፖርቱ ላይ አስተካክላለሁ። ከዚያ መስቀያውን ወደ ግድግዳው ገፋ አድርጌ፣ ቁልፉን ተጭኜ፣ ሮጬ ወጥቼ፣ እንግዳ መስዬ እገባለሁ። ስክሪኑ ላይ ራሴን አያለሁ። ስክሪኑ የክብሪት ሳጥን ያክላል፣ ምስሉ ግን ደህና ይመስላል።

"እማዬ!" አልኩ። ደገምኩት። ደግሜ ደጋግሜ... ጎረቤት ያሉት አሮጊት በአጥሩ ብቅ አሉ።

"ልጄ... እናትህ እኮ አርፈዋል።"

"አውቃለሁ እማማ። ፊልም ነው።"

"የምን ፊልም?"

"እየተቀረጸ ነው።"

ዙሪያዬን አዩ። ሰው የለም። ከንፈራቸውን መጠጡና "አይዞህ፣ ሁሉም ያልፋል" ብለውኝ ገቡ። ብቻዬን ሳቅሁ። ከዚያ ሳቁ ሌላ ነገር ሊሆን ሲል ዕቃዬን ሰብስቤ ወጣሁ።

ግንቦት 19

ሥራ። ከሙሽሮች በቀር ማንንም ሲያወራ አልሰማሁም።

ሰኔ 2

ያለፈውም እሑድ፣ ዛሬም ቀረጽኩ። ሰውየው ሲገባ፣ ሲቀመጥ፣ ሲነሣ። ዛሬ ስቀመጥ የተወንኩ አልመሰለኝም። መልካም ምልክት ነው መሰለኝ።

ሰኔ 3

ጉድ ሆንኩ።

ሁሉም ወደ ቤቱ ከሄደ በኋላ የቀረጽኩትን በሥራ ቦታው ትልቅ ስክሪን ከፈትኩት። እኔ ጉም ነኝ። ፊት የለኝም፣ ዓይን የለኝም። ከኋላዬ ግድግዳው ጥግ ግን የእማዬ ካፖርት... አዝራሩ፣ ክሩ፣ ክርኑ ላይ የተጣፈው ሁሉ ቁልጭ ብሎ! ፎከሱን መቆለፍ ረስቻለሁ። ካሜራው ካፖርቱን ካንዴም ሦስቴ ተከትሎት ሄዷል። እኔ ፊቱ ቆሜ ስጣራ እሱ ካፖርት ያያል።

ሦስት እሑድ። ካፖርት ተዋናይ፣ እኔ አጃቢ።

ሥራዬ የሰው ስሕተት ማረም ነው። ለራሴ ሲሆን ግን... ተወው።

ሰኔ 9

እንደገና ጀመርኩ። በዚህኛው ቆለፍኩት፣ ሁለቴ አረጋገጥኩ። ልግባ ስል ስክሪኑ ብልጭ ብሎ ጠቆረ። ወደ ጀርባው ሳጥፈው ይበራል። ወደ ፊት ሳዞረው ይጠፋል። ማጠፊያው ውስጥ ያለው ቀጭን ሽቦ ሳይሆን አይቀርም። የገዛሁት ለማጠፊያው ነበር፤ የከዳኝም እሱ።

ራሴን ማየት ካልቻልኩ ከጀርባው የግድ ሰው መቆም አለበት። ሰው!

ስልኬን ከላይ እስከ ታች አየሁት። ስንት ሰው አለ በውስጡ። የሙሽሮች አባት፣ የሙሽሮች አጎት፣ "ቪዲዮው መቼ ይደርሳል" የሚሉ። እሑድ ከሰዓት መጥተህ ቁም ብዬ የምጠራው አንድ ሰው አጣሁ። ይሄን መጻፍ ያሳፍራል። ግን ለማን ነው የማፍረው? ይሄን ደብተር የሚያይ የለ።

ሰኔ 11

ፎርኬን ለመንኩት። "በዚያች ካሜራ? ስሜን ማጥፋት ነው!" አለኝ። ቀልዱን ነው ብዬ ጠበቅሁ። አልነበረም።

ሰኔ 16

ምንም እንደማልቀርጽ እያወቅኩ ሄድኩ። ወንበሩ ላይ ቁጭ ብዬ ሳለሁ በሩ ተከፈተ። እትዬ። ባዶ ካርቶን ታቅፋለች። ዕቃ ልትለቅም ነው የመጣችው።

"አለህ እንዴ?"

"አለሁ።"

"ምንድነው ይሄ?" ትሪፖዱን ነው። ከአጭሩ እግር ሥር ያደረግኩት የእማዬ ጸሎት መጽሐፍ ነበር። ቀስ ብዬ አወጣሁት። አይታለች።

ምን እንደነካኝ አላውቅም፣ ጉም የሆንኩበትን ቀረጻ አሳየኋት። ጎንበስ ብላ ትንሿን ስክሪን ስታይ ቆየች። ድንገት ትከሻዋ ተነቃነቀ። አለቀሰች ብዬ ደነገጥኩ። እየሳቀች ነው!

"ማሙሽ... አንተማ የለህም እኮ። እማዬ ናት ያለችው! እንደ ልማዷ ጥግ ይዛ ታይሃለች።"

ማሙሽ። ከቀብሩ ወዲህ እንዲህ ጠርታኝ አታውቅም። ካፖርቱን ራሷ ነበረች የምታጥበው፤ ልብስ እጥበት ቤት ነው የምትሠራው። ክርኑ ላይ የተጣፈውን እያሳየች "እኔ ነኝ የጣፍኩት" አለችኝ። አላውቅም ነበር።

ስትወጣ በሩ ላይ ዞር አለች። "ያን ቁልፍ መጫን ብቻ ነው?"

"እሱ ብቻ ነው።"

"እሑድ ከሰዓት ሥራ የለኝም።"

ሰኔ 23

መሽቷል፣ ግን ሳልጽፍ አልተኛም።

እትዬ መጣች። ካሜራው ጀርባ አቆምኳት። "እኔ ስገባ ቀይ ነገር መብራቱን ብቻ ተመልከቺ" አልኳት። "ደግሞ ለዚህ!" አለች። እንደ ድሮዋ፣ ስትቆጣ ደስ የምትለው።

ወጣሁ። በሩን ከፈትኩ። ደፉ ላይ ቆምኩ።

"እማዬ!"

"ወዬ!"

የእማዬ ድምፅ! ራሱ ነው! እሑድ እሑድ የምሰማው፣ መጨረሻው ትንሽ ከፍ የሚለው። ዞር ብዬ አልጋውን አየሁ። ሞኝነት። ከዚያ እትዬን አየኋት። አፏን በእጇ ይዛለች።

"ውይ፣ አበላሸሁብህ! ሳላስበው ነው፣ ልማድ ሆኖብኝ..."

"የምን ልማድ?"

መሬት መሬቱን አየች።

"እማዬ እኮ መጨረሻ ላይ መጮህ አቅቷት ነበር። አንተ ስትጣራ ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል፣ ድምፅ የለም። ያኔ ወደ እኔ ታያለች። መልሺለት፣ በር ላይ እንዳይቀር ማለቷ ነው። እኔ ከጓዳው በር ላይ ሆኜ 'ወዬ' እላለሁ።"

"ሁልጊዜ?"

"ከታመመች ወዲህ ሁልጊዜ። የእኔና የእማዬ ድምፅ አንድ ነው ይሉ የለ? አንተ ደስ ብሎህ ትገባለህ። እሷም ደስ ብሎህ ስታይህ ደስ ይላታል... በኋላማ ምን ብዬ ልንገርህ?"

መሬት ላይ ተቀመጥኩ። አለቀስኩ፤ በቀብሩ ቀን እንዲህ አላለቀስኩም። እትዬም አጠገቤ መጥታ ተቀመጠች። ቀዩ መብራት ለካ አልጠፋም ነበር፤ ባትሪው እስኪያልቅ ሁለታችንንም ሲቀርጸን ቆይቷል።

ግንቦት 6 ላይ የጻፍኩትን መልሼ አነበብኩ። "ለእትዬ እንዲህ አልነበረችም።" አልሰርዘውም፣ ይቀመጥ። ስንት ጊዜ ነው ያንን ድምፅ ዳግም አልሰማውም ብዬ ያዘንኩት? እሱ ግን፣ እትዬ ጋ ሆኖ፣ በስልኬ "የምትወስደው ካለ ውሰድ" እያለ ይጽፍልኝ ነበር። እኔ ነኝ "እሺ" ብዬ የዘጋሁት።

ሰኔ 30

ቤቱን አስረከብን። አከራዩ ግድግዳውን መታ መታ አድርገው "ደህና ይዛችሁታል" አሉ። አልጋው ለጎረቤት አሮጊት ሆነ። ካፖርቱን እትዬ "አንተ ውሰደው፣ ተዋናይህ አይደል?" አለችኝ። መስቀያውን እሷ ወሰደች። ቁልፉን ስሰጥ እጄ ትንሽ ዘገየ።

ሐምሌ 5

ቆርጬ ጨረስኩ። አጭር ነው፤ ሻይ ሳይበርድ ያልቃል። ፎርኬ ከጀርባዬ ቆሞ አየው። እስከ መጨረሻው ሳይናገር ማየቱ ራሱ ይገርማል።

"ጥሩ ነው። 'ወዬ' የምትለዋ ግን ትውጣ። ከካሜራ ጀርባ የገባ ድምፅ ነው፣ ስሕተት ነው።"

"አውቃለሁ።"

"ሰውየው መልስ ያጣል አላልክም እንዴ?"

"ብዬ ነበር።"

ያቺ አፍንጫዋ ላይ ክሬም የቀረባት ሙሽራ ትዝ አለችኝ። የእሷን አወጣሁ፣ 'ወዬ'ን ግን አላወጣሁትም። ፎርኬ ራሱን ነቀነቀ፤ ከዚያ "እስቲ ከመጀመሪያው መልሰው" ብሎ ወንበር ሳበ።

ሐምሌ 7

እሑድ። የካሜራውን ማጠፊያ ለማስጠገን አስቤ ነበር፣ ተውኩት። ቤት ትቼው ወጣሁ።

እትዬ ከቀብሩ በኋላ የተከራየችው ክፍል ከልብስ እጥበት ቤቱ በላይ ነው። ከዚህ በፊት ሄጄ አላውቅም፤ ታች ያለችውን ገንዘብ ተቀባይ ጠይቄ ነው ያገኘሁት። ደረጃው በሳሙና ሽታና በእንፋሎት ታፍኗል። በሩ ገርበብ ብሏል፣ ከውስጥ ውኃ ሲፈስ ይሰማል። ላንኳኳ እጄን አነሣሁ። ተውኩት።

"እትዬ!" ብዬ ተጣራሁ፣ ደፉ ላይ ቆሜ።

ውኃው ተዘጋ።

"ወዬ!"

ጫማዬን ጠርጌ ገባሁ።