ያላንኳኳኸው በር

ብረንስዊክ፣ ረቡዕ

ለቀድሞ ባለቤቴ፣

እንደምን ከርመሃል? ጉልበትህስ በዚህ ብርድ እንዴት ሆነልህ? እናትህ ኖላ ከጂሎንግ ደውለው ባርናቢ ጆሮው መስማት እንዳቆመ ነገሩኝ። ለውሻው ከልቤ አዝኛለሁ። እኔ ደህና ነኝ፤ እበላለሁ፣ እተኛለሁ፣ ሥራም ሞልቶልኛል። የጻፍኩልህ ናፍቀኸኝ እንዳይመስልህ። ልበቀልህ ነው።

ስለ ቪዲዮ ጨዋታዬ በጋዜጣህ የፊልም ገጽ ያወጣኸውን ሂስ ቢሮ ውስጥ ጮክ ብሎ ያነበበልን የሥራ ባልደረባዬ ቴቪታ ነው። ቶንጋዊ ነው፤ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ስለሚዘምር ድምፁ ለእንዲህ ያለ ነገር ይመቻል። “እንዲህ ያለች አንጀተ ደረቅ ሴት በስክሪን ላይ አይቼ አላውቅም፤ አንዲት ቃል ሳትተነፍስ ባሏን ጥላ ትሄዳለች” ብለሃል። ባልየው ሳሎን መሀል ተገትሮ የሚቆምበትን ትዕይንት ደግሞ “መቁረጥ ያልቻለች ዳይሬክተር ድካም” አልከው። ቴቪታ እዚህ ላይ ሲደርስ እንባው እስኪፈስ ሳቀ።

“አንቺ! ይሄ ሰውዬ እኮ መጫወቻውን ጆይስቲክ አልነካውም!” አለኝ።

እውነቱን ነው። ለገምጋሚዎች ቀድመን የምንልከው ቅጂ ተጫዋቹ ምን እንደነካ መልሶ ይነግረናል፤ ሲላክልህም ተጽፎልሃል፣ አላነበብከውም እንጂ። ባልየው ማለት አንተ ነህ፣ የተጫወተው ሁሉ ነው። ሻይ ማፍላት ይችላል፣ ውሻውን ማውጣት ይችላል፣ ሚስቱ ታማ የተኛችበትን የኋላውን ክፍል በር ማንኳኳት ይችላል። ጨዋታው የሚሄድበት ክረምት ግን ብትነካም ባትነካም ያልፋል፤ ሆን ብለን እንዲያ ሠራነው። አንዴ እንኳ ያላንኳኳ ሰው በመጨረሻ በሩ ራሱ ይከፈትለታል፤ ክፍሉ ባዶ ነው፣ አልጋው ተነጥፏል። አንተ የነካኸው አንድ ነገር ቴሌቪዥኑን ነው። ከፈትከው፤ ከዚያ እንደ ሲኒማ ቤት እጅህን አጣጥፈህ ታሪኩ እስኪመጣልህ ጠበቅክ።

“ቄሳችን ‘አንኳኩ ይከፈትላችኋል’ ሲሉ ይሄ ሰውዬ የት ነበር?” አለ ቴቪታ።

ኮበርግ አብረን እያለን እሑድ እሑድ ጓደኞችህን ሰብስበህ የምትለው ትዝ ይልሃል? “የጌም ገምጋሚ ማለት የልብስ ማጠቢያ ማሽን ገምጋሚ ነው። ድምፁ እንዴት ነው፣ ስንት ሰዓት ይሠራል፣ ይገተራል ወይ፣ ከአስር ስንት! ይሄም ሂስ ተብሎ!” እነሱ ይስቃሉ፣ እኔ ሳህን አነሳለሁ። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም።

አሁን መልስ አለኝ። ፊልም አንተ ሳትገባ ያለቀ ነገር ነው። ብታለቅስም ብታንኮራፋም መጨረሻው ያው ነው፤ ስለዚህ “ፊልሙ እንዲህ ነው፣ ሴትየዋ እንዲህ ናት” ብለህ ብትፈርድ ማንም አይጠይቅህም። የናቅከው የጌም ገምጋሚ ግን “እኔ” ብሎ ነው የሚጽፈው፤ ምን ያድርግ፣ እጁ አለበት። ከሆባርት አንዲት ልጅ ከአስር ሰባት ሰጠችን። ጨዋታው ወጥ ቤቱ ውስጥ ይገተራል ብላ ወቀሰችን፤ እውነቷን ነው፣ ቴቪታ አስተካከለው። ከዚያ ደግሞ እንዲህ አለች፦ “ሚስትየው ጥላኝ ሄደች። ለካ አላንኳኳሁም። አፍሬ እንደገና ጀመርኩ።” የልብስ ማጠቢያ ገምጋሚዋ ናት እንግዲህ ይህን ያየችው። አንተ ጨዋታው ውስጥ ያስቀመጥኳትን የእናትህን ቢጫ ማንቆርቆሪያ እንኳ አላወቅካትም፤ የገዛ ሳሎንህ ውስጥ ቆመህ ስለ ዳይሬክተሯ ድካም ጻፍክ።

ያንኳኳ ሰው ምን እንደሚያይ ልንገርህ። ክፍሉ ውስጥ ሕፃን ያልተኛባት አንዲት ትንሽ አልጋ አለች። ባልየው መፍቻ ይዞ ወለሉ ላይ ይቀመጣል፤ ከሚስቱ ጋር ብሎኗን እየፈቱ ጣውላዋን ወደ ካርቶኗ ይመልሳሉ። የእኛዋን እኔ ብቻዬን ነው የፈታኋት። አንተ ለፌስቲቫሉ የምትጽፍበትን ፊልም እያየህ ነበር፤ ሙዚቃው በግድግዳው ይሰማኝ ነበር።

በሰፈሩት ቁና መሰፈር አይቀርም። ያቺን “አንጀተ ደረቅ ሴት” የምትለዋን ዓረፍተ ነገርህን ጨዋታው በሚሸጥበት ገጽ አናት ላይ ከነሙሉ ስምህ በትልቁ ለጥፌያታለሁ። በሬዲዮ “ክብር ተሰማኝ” ስትል ሰማሁህ። የተጫወተ ሁሉ ያ መጨረሻ ለማን እንደሚመጣ ያውቃል፤ ከፐርዝ እስከ ኬርንስ እየሳቁብህ ነው። ቅዳሜ ደግሞ ወንዙ ዳር ባለው አዳራሽ ሂስህን እንድታነብ ተጋብዘሃል። ስምህን ለአዘጋጆቹ የሰጠኋቸው እኔ ነኝ። አዳራሹን የሚሞሉት ተጫዋቾች ናቸው፤ “ጥላ ትሄዳለች” ከምትለው ስትደርስ ሁሉም የወንበራቸውን እንጨት ሊያንኳኩ ተስማምተዋል። ይህን ሳስበው ደስ ይለኛል፤ አልዋሽህም።

ቴቪታ ግን አልተዋጠለትም። “ሂስ ነው የጻፈው፣ አግብቶ አልበደለሽ!” ሲለኝ፣ “አግብቶኛልኮ!” አልኩት። መቼም ነግሬው አላውቅም ነበር። “እንግዲያማ ንገሪው። ሳያውቅ አይግባበት” አለኝ። ስለዚህ ይህን ነገ ራሴ አመጣልሃለሁ። ካነበብከው በኋላ ቅዳሜ መቅረት ትችላለህ። ወይም መድረኩ ላይ ወጥተህ “አላንኳኳሁም” ማለት ትችላለህ፤ ያን ብትል ዓረፍተ ነገርህን አወርዳለሁ፣ ሌላ ምንም አልፈልግም።

ሐሙስ

መጥቼ ነበር። መብራትህ በርቷል፣ የፊልም ድምፅ ይሰማል። አንኳኳሁ። “ፊልም ላይ ነኝ! በኋላ!” አልክ፤ ማን እንደሆንኩ እንኳ አልጠየቅክም። ባርናቢም አልጮኸም፣ ጆሮው የለማ። ደግሜ ሳንኳኳ ድምፁን ከፍ አደረግከው።

ከበርህ ሥር ላሾልከው እችል ነበር። አላሾለክሁትም፤ መንገድ ዳር ያለው ፖስታ ሳጥን ውስጥ እከተዋለሁ፤ ሰኞ ይደርስሃል።

እግዜር ጉልበትህን ይማርልህ፣ እናትህን ያቆይልህ። ቅዳሜም ድምፅህን አይዝጋው፤ እስከ መጨረሻው ወንበር ድረስ ጥርት ብሎ ይሰማ።

አንጀተ ደረቋ
የቀድሞ ሚስትህ