ስለ ፈረሰው ግድግዳችን፣ ለ«ክፍት ቤት» ዝግጅት ዋና አዘጋጅ

ለተከበሩ የ«ክፍት ቤት» የቤት እድሳት የቴሌቪዥን ዝግጅት ዋና አዘጋጅ፣
ባሉበት።

ክቡር ሆይ፣

ይህ ደብዳቤ በሙሉ ጤንነት፣ በማያፈስ ጣሪያ ሥርና ግድግዳዎቹ ሁሉ በየቦታቸው በቆሙ ክፍል ውስጥ እንዲያገኝዎ ከልብ እመኛለሁ። ለባለቤትዎና ለልጆችዎ፣ እንዲሁም ሐሙስ ሐሙስ ማታ ቢጫ ቆቡን ደፍቶ፣ እንደ ተጣራ ስኳር በነጣ ጥርሱ ለሚስቅልን አቅራቢዎ የከበረ ሰላምታዬ ይድረስልኝ።

እኔ ሎሬታ ዛኔላ እባላለሁ። ዕድሜዬ ስድሳ ስምንት ነው። የምኖረው በሰሜን ኩዊንስላንድ፣ ኢንጋም በምትባል ከተማ፣ የሸንኮራ አገዳው እርሻ በሚያበቃበት አጥር ሥር፣ በእንጨት ምሰሶዎች ላይ ከፍ ብሎ በተሠራ የእንጨት ቤት ውስጥ ነው። ባለቤቴ ኔሪዮ በስኳር ፋብሪካው ሠላሳ ዘጠኝ ዓመት ማሽን ሲጠግን ኖሮ ባለፈው ዓመት ጡረታ ወጣ። ጡረታ የወጣ ባል ቤት ውስጥ ምን እንደሚመስል ምናልባት አላዩ ይሆናል። ጠዋት የሻይ ማንኪያዎቹን በቁመታቸው ይደረድራል፤ ከቀትር በፊት ደግሞ በመልካቸው ይደረድራቸዋል፤ ከዚያ በሩ ላይ ቆሞ «ሎሬታ፣ አሁንስ ምን ልሥራ?» ይላል። እኔ መልስ ስፈልግለት እርስዎ ቀደሙኝ። ስለዚህም ምስጋናዬን ተራ በተራ ላቀርብልዎ ብዕሬን አንሥቻለሁ።

አንደኛ፣ ግድግዳችንን ስላፈረሱልን አመሰግናለሁ።

ይህ ግድግዳ ሳሎኑን ከማድቤቱ የሚለይ፣ የኔሪዮ አባት በገዛ እጁ ያቆመው የጣውላ ግድግዳ ነበር። በሳሎኑ በኩል ትልቁ ቴሌቪዥን አለ፤ እዚያ ኔሪዮ ክሪኬትና ራግቢ ያያል፣ ዜና ሲመጣ ደግሞ ሚኒስትሮቹን እየተሳደበ ይመክራል። በማድቤቱ በኩል ትንሿ የእኔ ቴሌቪዥን አለች፤ ከሰኞ እስከ ዓርብ ከምሽቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ «ማዕበል ሆቴል» የሚባለውን ተከታታይ ድራማዬን አይባታለሁ። የሆቴሉ ባለቤት ዴልፊን የሚሏት አሮጊት ናት፤ አራት ባል ቀብራ ለአምስተኛው ሠርግ ልብስ የምታሰፋ፣ ምላሷ እንደ ምላጭ የሆነች ሴት። ሁለት ቴሌቪዥን፣ አንድ ግድግዳ፣ አርባ አንድ ዓመት ትዳር። የጋብቻ አማካሪ አይደለሁም፤ ስሌቱ ግን እስከዚያች ሐሙስ ድረስ ይሠራ ነበር።

ያች ሐሙስ፣ በኖቬምበር መጀመሪያ፣ አቅራቢዎ መዶሻውን ትከሻው ላይ አድርጎ «ግድግዳ የሚለየው ክፍልን ብቻ አይደለም፣ ሰውንም ነው» አለ። ኔሪዮ ሪሞቱን አንሥቶ ድምፁን ሲጨምር ከማድቤት ሰማሁት። ቅዳሜ ጠዋት እኔ ልጃችንን ዳኒላን ልጠይቅ ወደ ታውንስቪል ከተማ ሄድኩ። ማታ ስመለስ ባሌ ፀጉሩ በአቧራ ነጥቶ፣ ትልቁን መዶሻ ተደግፎ፣ ግድግዳው በነበረበት ቦታ ላይ እንደ ሙሽራ ቆሞ አገኘሁት።

«እስኪ እዪው! አሁን ቤቱ ይተነፍሳል አይደል?» አለኝ።

«እሱስ ይተነፍሳል፤ ትንፋሽ ያጠረኝ እኔ ነኝ» አልኩት።

ሁለተኛ፣ ያ ግድግዳ ቤቱን ተሸክሞ የቆመ እንደነበር ስላልነገሩን አመሰግናለሁ። አስቀድሞ ማወቅ ሰውን ያስጨንቃል።

ጎረቤታችን ግሌን አናጢ ነው። እሑድ ጠዋት ጠርተነው መጣ፤ ገና ከበሩ ቀና ብሎ ኮርኒሱን አየና ባርኔጣውን አወለቀ፣ ልክ ለቅሶ ቤት እንደ ገባ ሰው።

«ኔሪዮ፣ ወንድሜ፣ ከማፍረስህ በፊት ምን እንደሚሸከም አይተሃል?»

«በቴሌቪዥን እኮ በሃያ ደቂቃ ነው የጨረሱት!»

«አዎ። ማስታወቂያ ሲገባ መሐንዲስ ይጠራሉ፣ አንተ ማስታወቂያ ሲገባ ሻይ ታፈላለህ።»

ግሌን ከጭነት መኪናው ክሪክ አውጥቶ፣ በላዩ ወፍራም ቋሚ አቁሞ፣ የተጎነበሰውን ኮርኒስ ቀስ እያለ ደግፎ አነሣልን። እውነተኛው ሥራ ግን ከዝናቡ በኋላ እንደሚሆን ነገረን፤ በዚያ ወር ጣሪያው ያላስጨነቀው ሰው በከተማችን አልነበረምና አናጢ ሁሉ ተይዞ ነበር። ዝናባችንን ምናልባት በአየር ትንበያችሁ ላይ በአረንጓዴ ቀለም አይተውት ይሆናል። እኛ ከሥሩ ሆነን አየነው። በመጣ ቁጥር ቋሚው ሲጢጥ ይላል፣ ኮርኒሱ መሐል እንደ ላም ጡት ይወጠራል፣ እኔና ኔሪዮ ባልዲ ይዘን ቀና ብለን እንቆማለን። በዚያ ዓመት የገና ምሳ ዳኒላ ልጆቿን ይዛ አልመጣችም። «ማማ፣ እዚያ ጣሪያ ሥር ልጆቼን አላስቀምጥም» አለችኝ። ልክ ነበረች፤ አልተቀየምኳትም። ሁለታችን ብቻ ፓስታችንን በሱጎ በልተን፣ በመሐላችን ክሪኩ ቆሞ፣ ገናን አከበርን።

ሦስተኛ፣ መቀመጫ ስላሳጡኝ አመሰግናለሁ።

ክቡር ሆይ፣ ክፍት ቤት ማለት ሁሉም ሰው ሁሉን ነገር የሚያይበት ቤት ማለት መሆኑን በደንብ ተምሬያለሁ። ሽንኩርት ስጠብስ ኔሪዮ ሳል ይይዘውና የክሪኬቱ ውጤት ያመልጠዋል። እሱ ለራግቢው ሲጮህ ዴልፊን ለአምስተኛው እጮኛዋ የምትለው ቃል ያመልጠኛል። አሥር ሰዓት ላይ ቆሜ የምበላትን የዳቦ ጠርዝ ሳይቀር ያየኛል። እኔም እሱ ሰው የሌለ ሲመስለው ለዜና አንባቢዋ «ደህና እደሪ» እንደሚላት አየሁ፤ ይህንን ባላይ እመርጥ ነበር። ቁጭ እላለሁ፣ እነሣለሁ፣ የታጠበ ኩባያ መልሼ አጥባለሁ፣ መስኮቱ ጋ ሄጄ አገዳውን አያለሁ፣ ተመልሼ ቁጭ እላለሁ። ኔሪዮም እንደ እኔው ይዞራል። ቤቱ መሐል ስንገናኝ በጠባብ መንገድ እንደሚተላለፉ ሁለት መኪኖች ቆም ብለን እንተላለፋለን።

በዚህ መሐል ነው አንድ ምሽት ከሶፋው ሆኖ ወደ ትንሿ ቴሌቪዥኔ እያየ «ይቺ አሮጊት ዛሬም አልሞተችም?» ያለው።

ለቀልድ ነው ያለው። እኔ ግን ቴሌቪዥኗን አጥፍቼ ተነሣሁ፤ ምክንያቱ የቆየ ነው። በተጋባን በሦስተኛው ዓመት ያለችን ቴሌቪዥን አንዲት፣ እሷም በሳሎን ነበረች። አንድ እሑድ ኔሪዮ አራት የፋብሪካ ጓደኞቹን ጠርቶ ገባ፤ እኔ የዚያን ዘመኑን ድራማዬን እያየሁ ነበር። ሪሞት በሌለበት ዘመን ከፊቴ አልፎ ጣቢያውን ቀየረና «ይሄ የሴት ለቅሶ ነው፤ አእምሮ ያላት ሴት አታየውም» አለ። አራቱም ሳቁ። እኔም አብሬ ሳቅሁ፣ ቡናም አቀረብኩላቸው። በማግሥቱ ከእናቴ ቤት ትንሽ አሮጌ ቴሌቪዥን አምጥቼ ማድቤት አስገባሁ። እሱ ነገሩን እራት ሳይደርስ ረሳው፣ እኔ ሠላሳ ስምንት ዓመት ያዝኩት። ግድግዳውን ያቆመው አባቱ ነው፤ በሩን የዘጋሁት ግን እኔ ነኝ።

አራተኛ ልል ነበር፣ ነገር ግን ከዚህ በኋላ ያለው በቁጥር አልገባልኝ ስላለ በዝርው እንዲቀበሉኝ በትሕትና እለምናለሁ።

ኔሪዮ በዴልፊን በቀለደ ማግሥት ቴሌቪዥኔን ታቅፌ፣ የኤሌክትሪክ ማራዘሚያውን ጎትቼ ከቤቱ ሥር ወረድኩ። እዚያ ልብስ ማጠቢያው ማሽንና የኔሪዮ የቀለም ቆርቆሮዎች አሉ። ባልዲ ገልብጬ ተቀመጥኩ። ዝናቡ በዙሪያዬ ይወርዳል፣ እኔ ደረቅ ነኝ። ማምሻውን አንዲት ወፍራም እንቁራሪት እየመጣች ከእግሬ ሥር ትቀመጥ ነበር፤ እውነቱን ልናገርና ከእሷ ጨዋ የሆነ ተመልካች አላየሁም። ዘጠኝ ምሽት እንዲህ አለፈ። ኔሪዮ ለምን እንደ ወረድኩ አልጠየቀኝም፣ እኔም አልነገርኩትም።

በአሥረኛው ምሽት ዴልፊን የአምስተኛው እጮኛዋ ወንድም ቀብር ላይ ተገኝታ፣ ቄሱ እያነበቡ ሳለ የሠርግ ስጦታ ዕዳ አለብህ ብላ ሬሳውን መውቀስ ጀመረች። ሆዴን ይዤ ሳቅሁ። እስከማስል ሳቅሁ። ከበላዬ ወለሉ ላይ የኔሪዮ እግር ሲሄድ እሰማ ነበር፤ ቆመ። ከዚያ በደረጃው ወረደ፣ ያለ ባርኔጣ፣ በዝናቡ ውስጥ፣ ሸሚዙ ከገላው ተጣብቆ፣ ከፊቴ መጥቶ ቆመ።

«አሁን ደግሞ ወለሉን ላፍርስ?» አለኝ።

የተቆጣ መሰለኝ። «ሰውዬ፣ ተወኝ! አንዲት ነገር እንኳ በሰላም ልይ» አልኩት።

አልሄደም። የቀለም ቆርቆሮ ስቦ ተቀመጠ። እጆቹን እያየ ነበር የተናገረው።

«ከፋብሪካ በገባሁ ቁጥር ከግድግዳው ማዶ ስትስቂ እሰማሻለሁ። በሩን ስከፍተው ዝም ትያለሽ። ይኸው አረጀን፣ ምን እንደሚያስቅሽ እስከ ዛሬ አላውቅም። ያ ባለ ቢጫ ቆቡ ሰውዬ ስለ ግድግዳ ሲያወራ ጊዜ...»

«ታዲያ አትጠይቀኝም ነበር?»

«ፈራሁ።»

«ትልቁን መዶሻ ከማንሣት ይቀላል እኮ፣ ኔሪዮ!»

«ላንቺ ይቀልሻል።»

ያን ጊዜ ስለዚያች የድሮ እሑድ ነገርኩት። ምን እንዳለ፣ ማን የት እንደ ተቀመጠ፣ ማን ቀድሞ እንደ ሳቀ፣ አንድም ሳላስቀር ነገርኩት። አላስታወሰውም። እርስዎ እንዲያውቁልኝ የምፈልገው ግን «አላስታውስም» ብሎ አለማምለጡን ነው። የአራቱን ሰዎች ስም አንድ በአንድ ጠየቀኝና ጠራሁለት። ሁለቱ ሞተዋል፣ አንዱ ወደ ደቡብ ሄዷል፣ አንዱ በጆሮው አይሰማም።

«እነሱ ፊት ያልኩትን እነሱ ፊት መመለስ ነበረብኝ። አሁን ማን ፊት ልመልሰው?» አለ።

«እኔ ፊት ይበቃል።»

«ይቅርታ አድርጊልኝ፣ ሎሬታ።»

ክቡር ሆይ፣ በአርባ አንድ ዓመት ውስጥ ይህ ሰው ሰሐን ሰብሯል፣ መኪና አጋጭቷል፣ የእናቴን ስም ረስቷል፤ ይህንን ቃል ግን ያን ቀን ነው ከአፉ የሰማሁት። አለቀስኩ አልልዎትም። ከልብስ ማጠቢያው ማሽን ላይ ፎጣ አንሥቼ ፀጉሩን አደረቅኩለት። ከዚያ ወደ ቴሌቪዥኗ ዞረና «እሺ፣ ይቺ ሴትዮ ስንተኛዋን ነው የምትቀብረው?» አለ። ነገርኩት። ቀጥሎ ሌላ ጠየቀ። ከዚያ ሌላ። በማይሳቅበት ቦታ ሳቀ፣ በሚሳቅበት ቦታ «ለምን እንዲህ አደረገች?» አለኝ። ከባል ጋር ድራማ ማየት ከባድ መከራ መሆኑን ያን ጊዜ ተረዳሁ።

ግሌን በጃንዋሪ መጨረሻ መጣ። ሁለቱ ሲለኩና ሲከራከሩ ሰንብተው ግድግዳውን መልሰው አቆሙት። ይቁም ያልኩት እኔ ነኝ። ኔሪዮ ደንግጦ «ገና አልታረቅንም እንዴ?» ብሎኝ ነበር። «ታርቀናል፤ ሽንኩርት የምጠብሰው ግን ብቻዬን ነው» አልኩት። በአሥራ ሁለት ሰዓት በሩን ያንኳኳል፤ «ግባ» ስለው ወንበሩን ይዞ ይገባል። ዴልፊን ያላገባችውን ዶክተር ማግባት ነበረባት እያለ ይከራከረኛል፤ ተሳስቷል፣ ነገር ግን የእያንዳንዱን ገጸ ባሕርይ ስም እየጠራ ይከራከራል። ዳኒላም ባለፈው እሑድ ልጆቿን ይዛ መጥታ፣ ኮርኒሱን ሁለቴ ቀና ብላ አይታ፣ ተቀመጠች።

እንግዲህ ክቡር ሆይ፣ ሰው ሁሉ ለዚህ እርቅ ምክንያቱ የእርስዎ ዝግጅት ነው ይለኛል። እኔም አልክድም፤ ጎርፍም አንዳንድ ጊዜ የጠፋ በግ ከበራፍ ያደርሳል፣ ጎርፉን ግን ማንም ሐሙስ ሐሙስ ና ብሎ አይጠራውም። በዚህ አገር ስንት ሚስት በግድግዳ ማዶ ብቻዋን እንደምትስቅ፣ ስንት ባልም ከመጠየቅ ማፍረስ እንደሚቀለው ቢያውቁ ኖሮ፣ አቅራቢዎ መዶሻውን ከማንሣቱ በፊት «መጀመሪያ አንኳኩ» የምትል አንዲት ቃል እንዲጨምር ያደርጉት ነበር ብዬ አምናለሁ። ቃሏ አጭር ናት። ከማስታወቂያው ሰዓት ላይ ብዙም አትወስድብዎትም።

ስላደረጉልን ሁሉ፣ በተለይም ስላላደረጉልን፣ ከወገቤ ዝቅ ብዬ እጅ እየነሣሁ፣ ለእርስዎም ለቤተሰብዎም ረጅም ዕድሜና ልምድ ያለው አናጢ እመኛለሁ።

ታማኝ ተመልካችዎ፣
ሎሬታ ዛኔላ
ኢንጋም

ድኅረ ጽሑፍ፦ በሚቀጥለው ወር «ሰማይን ወደ ቤትዎ ያስገቡ» በሚል ርእስ ስለ ጣሪያ ልዩ ዝግጅት እንደሚኖርዎ ማስታወቂያችሁን አየሁ። ኔሪዮም አይቶታል፤ ትናንት ጠዋት ውጭ ቆሞ ጣሪያውን በጣቱ ሲለካ ደረስኩበት። መሰላሉን እህቴ ቤት ደብቄዋለሁ። እርስዎን ግን የት እንደምደብቅዎ ቸግሮኛል።