ያልጠራነው ስም

ዱቦቫች መንደር፣ ሰርቢያ
ሰኔ 4 ቀን 1968 እ.ኤ.አ.

ለልጄ ለራዲሳቭ፣ ጀርመን አገር

እኔ አባትህ ሚሎዬ አለሁ፤ ወገቤ ብቻ አልታዘዝ ብሎኛል። ይህን የምትጽፍልኝ መምህርት ዳሪንካ ናት። ያልኩትን እንዳታሳምርብኝ ነግሬያታለሁ።

የሕፃኑን ሞት በቴሌግራም ሰምተሃል። ሚስትህ ስታሜና ለምን ወደ አባቷ ቤት እንደሄደች ጠይቀሃል። ያባረርኳት እኔ ነኝ።

በፋሲካ ማግሥት ከበራችን ደፍ ሥር የሚኖረው እባብ ፀሐይ ሊሞቅ ወጣ። ስታሜና በዶማ ቆረጠችው። ልጇ አጠገቡ ይድህ ነበር አለች። የቤት እባብ እንደማይነካ፣ ከተገደለ ከቤቱ ሰው ይዞ እንደሚሄድ አንተም ታውቃለህ። ነፍሷን ይማርና እናትህ ወተት ታስቀምጥለት ነበር።

ሳምንት ሳይሞላ ሕፃኑን ትኩሳት ያዘው። በቀብሩ ላይ፣ ሰው ሁሉ እየሰማ፣ "የገደልሽው አንቺ ነሽ" አልኳት። በማግሥቱ ጓዟን ይዛ ሄደች።

ትናንት ይህን ዳሪንካን ሳስጽፋት ብዕሯን አስቀመጠች።

"አባባ ሚሎዬ፣ እባብን የምንጠራበት ዝሚያ የሚለው ቃል ትክክለኛ ስሙ እንዳልነበረ ያውቃሉ?"

"ታዲያ የአክስትሽ ስም ነው?"

"ከዜምሊያ፣ ከምድር የወጣ ነው። የምድሩ ማለት ነው። የጥንት ሰዎች ስሙን ከጠሩት የሚመጣባቸው ስለመሰላቸው እንዲህ ብለው ሸፈኑት። ሲፈሩት ሲፈሩት የድሮው ስሙ ከአፋቸው ጠፋ።"

"ደሞዝ የሚከፍሉሽ ለዚህ ነው? በይ ተነሺ፣ ቤትሽ ግቢ" አልኳት።

ዛሬ በሬዎቹን ሳጠጣ ያለችኝ ነገር መጣብኝ። ከቀብሩ ወዲህ ስታሜናን "ያቺ" ነው የምላት። ሕፃኑንም "ትንሹ"። ሄጄ ዳሪንካን ራሴ ጠራኋት።

እንግዲህ ስማ። ሕፃኑ በታመመ በሁለተኛው ቀን ስታሜና "አባቴ፣ በሬዎቹን ይጥመዱልኝ፤ ሐኪም ዘንድ ላድርሰው" አለችኝ። በሦስተኛውም ቀን ለመነችኝ። እኔ "እባቡ ያመጣውን ሐኪም አይመልሰውም" ብዬ ደፉ ላይ ወተት ሳስቀምጥ ሰነበትኩ። ከተማው የግማሽ ቀን መንገድ ነው። በሬዎቹ በረት ቆመው ነበር።

ዳሪንካ እጇ ቆመ። ጻፊ አልኳት።

ነገ በሬዎቹን ጠምጄ ስታሜና ዘንድ እሄዳለሁ። ይህንኑ በአባቷ ፊት እናገራለሁ። ካልተመለሰች አልፈርድባትም። ይቅርታ መለመን አላውቅበትም፤ አንተም ስለ እኔ አትለምናት።

እግዚአብሔር ከፋብሪካው ማሽን እጅህን ይጠብቅልህ። ምሳህን እየዘለልክ አትሥራ።

የመቃብሩ መስቀል ላይ ስም የለም። እንዳይጻፍ የከለከልኩት እኔ ነኝ። ዳሪንካ አሁን በሌላ ወረቀት በትልልቁ ጽፋልኛለች፤ ለአናጺው እወስደዋለሁ። እኔ ማንበብ አልችልም፤ ግን የቱ ጋ እንደሚጀምር አሳይታኛለች።

ኦግኜን ነበር ስሙ።

አባትህ ሚሎዬ
(የአውራ ጣቱ አሻራ)